ለእናትሽ ማራቶን ልትሮጪ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ አልዛይመር እንዳለባቸው ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኗል። የሚኖሩት አንቺ ጋ ነው። ስምንት ወር የሆነው ልጅ አለሽ። ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠሽ አታውቂም። አሁን ግን በእናትሽ ስም ማራቶን ሮጠሽ ሰው ስለ በሽታው እንዲያውቅ ማድረግ ትፈልጊያለሽ። ወንድምሽ ደግሞ «እሱን ትተሽ እማዬን ብትንከባከቢ አይሻልም?» ብሎሻል። ይቻላል ወይ፣ ከየት ልጀምር፣ በሽታው እኔንስ ይይዘኝ ይሆን ነው ጥያቄሽ። እኔም እናቴን እያስታመምኩ ተዘጋጅቼ ማራቶን ስለጨረስኩ ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ይቻላል። ግን ከጫማና ከፕሮግራም በፊት አንድ ነገር መልስ ይፈልጋል። አንቺ ስትሮጪ ከእናትሽ ጋር ማን ይሆናል? የማራቶን ልምምድ ሰዓት ይበላል። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢበቃሽም፣ ወደ መጨረሻው አንዱ ሩጫ ብቻ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ መታጠቡ፣ መብላቱ፣ ጋደም ማለቱ አለ። ይህን ሁሉ ከእንቅልፌ ቆርሼ ላምጣ ካልሽ አትዘልቂም። የሚያስታምም ሰው እንቅልፍ ድሮም የተቆራረጠ ነው። የምታጠባ እናት እንቅልፍማ አይነሳ።

ስለዚህ ሰዓቱን ከቤተሰብ ጠይቂ። ደግሞ እየለመንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዲሜንሺያ (አልዛይመርን ጨምሮ ማስታወስንና ማሰብን የሚያዳክም ሕመም) ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ምራት። ወንድምሽ እንደዚያ ሲልሽ ክፋት አስቦ አይመስለኝም። ሥራው ያንቺ እንዲሆን ማንም ሳይጠየቅ ስለተወሰነ ነው።

እኛም ቤት እንደዚያ ነበር። ወንድሜ ይመጣል፣ እናቴን ይስማል፣ ትንሽ ያጫውታታል፣ ይሄዳል። ሰው ሲመጣ እናቴ ትነቃለች፣ ትስቃለች፣ ደህና ትመስላለች። «ትንሽ ትረሳለች እንጂ ምንም አልሆነችም እኮ» ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለረጅሙ ሩጫ ስወጣ እሱ አብሯት እንዲሆን ተስማማን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እናቴ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት አልመጡም» እያለች ቦርሳዋን ይዛ በሩን ስትታገል ነው ያረፈደችው። ልጆቹ እሱና እኔ ነን። ምንም አላለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜን ማስታወስ አላስፈለገኝም፤ የሐኪም ቀጠሮዋንም ራሱ መያዝ ጀመረ። ስለ አልዛይመር ግንዛቤ ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው። መንገድ ላይ የሚያጨበጭብልሽ ሰው ይቆይ፤ ቤትሽ ያለው ሰው ይግባው።

አሁን ወደ ሰውነትሽ። ከወሊድ በኋላ ወደ ሩጫ ለመመለስ ባለሙያዎች ቢያንስ 12 ሳምንት ጠብቁ ይላሉ። አንቺ ያን አልፈሻል፤ ጊዜው ማለፉ ብቻውን ግን አይበቃም። ስትሮጪ፣ ስትዘይ ወይም ስትስቂ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ፣ ወይም ወደ ታች የሚከብድ፣ የሚወርድ ነገር ያለ የሚመስልሽ ከሆነ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻሽ፣ ማለትም ፊኛንና ማኅፀንን ከሥር የሚደግፈው፣ ገና ሩጫን አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሴት «ወልጄ ነው፣ ያለ ነው» ብላ ዓመታት ዝም ትላለች። ይህ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ በትክክለኛ እንቅስቃሴ የሚሻል ነገር ነው። በሴቶች ጤና ላይ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ካገኘሽ ሳትጀምሪ ትይሽ።

የደም ምርመራም አድርጊ። የአይረን እጥረት ሴት ሯጮች ላይ የተለመደ ነው። የወር አበባ፣ እርግዝናና ወሊድ ክምችቱን ያወርዱታል። ሄሞግሎቢንሽ ደህና ሆኖ ክምችቱ ሊያንስ ስለሚችል ፌሪቲን የሚባለውንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ሳትመረመሪ ግን እንክብል አትጀምሪ።

ምግብ ላይ አትቀልጂ። ማጥባትም መሮጥም ጉልበት ይፈልጋል፤ ሁለቱን ይዞ ለመክሳት መሞከር አይሆንም። ስታጠቢ የወር አበባ ቢዘገይ የተለመደ ነው። ማጥባት ካቆምሽ በኋላ ግን ልምምዱ ሲጨምር የወር አበባሽ ከጠፋ እንደ እረፍት አትቁጠሪው። ሰውነትሽ ከሚያወጣው ያነሰ እያገኘ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ሲሆን አጥንት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ወዲያው ሐኪም ጋ ሂጂ። ያረጡ እህቶቻችንም እዚህ ስላሉ ልጨምር፦ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አጥንትም ጡንቻም ይቀንሳል። ለነሱ ክብደት ማንሳት ከሩጫው እኩል ዋጋ አለው።

ሩጫውን በተመለከተ፣ አትቸኩይ። ዓመት ገደማ ቢኖርሽ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሶምሶማና እርምጃ እያፈራረቅሽ 5 ኪሎ ሜትሩን ያለ ጭንቀት ጨርሺ። ከዚያ 10፣ ከዚያ ግማሽ ማራቶን። የማራቶኑ፣ የ42.195 ኪሎ ሜትሩ ዋና ዝግጅት ከ16 እስከ 20 ሳምንት ነው፤ እሱን ከግማሽ ማራቶኑ በኋላ ጀምሪው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን መሮጥ ይበቃሻል። አብዛኛው እያወራሽ ልትሮጪው የምትችይው ፍጥነት ይሁን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል። ረጅሙ ሩጫ በሳምንት አንዴ ነው፤ ቀስ እያለ ያድግና በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ወረድ ይላል። 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ከደረስሽ፣ ወይም ሦስት ሰዓት ተኩል ከሮጥሽ በቂ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ቀንሺ። ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለቴ ቁጭ ብድግ፣ በእግር ጣት መቆም፣ የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴ ሥሪ። ይህን ልጁ ሲተኛ፣ እናትሽ አጠገብሽ ተቀምጠው ልትሠሪው ትችያለሽ።

ብዙ ሰው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ድንገት ጉልበቱ የሚከዳው ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳር እየተሟጠጠ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ እየሮጥሽ መብላት ልመጂ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ሆድሽ የሚቀበለውን በልምምድ እወቂው፤ በውድድሩ ቀን አዲስ ነገር አትሞክሪ። ውሃ ሲጠማሽ ጠጪ። ያለ ልክ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል፤ ይህ በተለይ ቀስ ብለን ብዙ ሰዓት የምንሮጠውን ይመለከታል። አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ መሮጥም ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ይቅርብሽ። ስትመዘገቢ የውድድሩን የመዝጊያ ሰዓት እይ።

«ወልደሽ ደግሞ ማራቶን?» የሚልሽ አይጠፋም። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሴት ሰውነት ርቀቱን አይችልም እያሉ የሚከራከሩ ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ ልጅ ወልዳ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ2009 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። እኛ ለሜዳሊያ አንሮጥም፤ ወልዶ መመለስ እንደሚቻል ግን እሷ አሳይታናለች።

እናትሽን ከልምምዱ አታስወጫቸው። ሰውነት ማፍታቻሽን አብረሽ በመራመድ አድርጊው። እናቴ ስሜን በምትረሳበት ጊዜ እንኳ እጇ ብዙ ነገር ያውቅ ነበር። አንድ ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል እግሬን ሳብ አደረገችና ክሩን ከእጄ ወሰደችው። ቋጠረችው፣ በላዩ ላይ ደገመችው፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «የት ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። እንደገናም ጠየቀችኝ፣ እንደገናም። እኔም በጠየቀችኝ ቁጥር «ልሮጥ» እላታለሁ። በእጅ የተለመደ ሥራ ከስምና ከቀን በላይ እንደሚቆይ ባለሙያዎቹም ይናገራሉ። ስለዚህ እናትሽ የሚችሉትን ተዪላቸው። ፎጣ ያጥፉልሽ፣ የውሃ መያዣሽን ያቀብሉሽ።

«እኔንስ ይይዘኝ ይሆን?» ላልሽው፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኔም ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ስረሳ ልቤ ይደነግጣል። እናት በሽታው ካለባት የልጅ ተጋላጭነት ከፍ ይላል፤ ግን ይይዝሻል ማለት አይደለም። በቤተሰባችሁ ውስጥ ገና ከ60 ዓመት በታች ሳሉ የታመሙ ብዙ ሰዎች ካሉ ነገሩ ሌላ ስለሆነ ሐኪም አማክሪ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎች 14 ሊቀየሩ የሚችሉ አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝረው፣ ሁሉም ቢወገዱ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብለዋል። የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስ አንዱ ነው። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ማጨስ፣ ያልታከመ የመስማት ችግር፣ ድብርትና ብቸኝነትም አሉበት። መሮጥ ዋስትና አይሰጥሽም። እናትሽንም አያድናቸውም። ይህን ጥርት አድርገሽ ለራስሽ ንገሪው፤ አለዚያ ልምምዱ በደከመሽ ቀን ሆድ ይብስሻል።

ለሰው ስትናገሪ ምን ትያለሽ? እኔ ብሆን አንድ ነገር ላይ አተኩራለሁ፦ «እድሜ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ ይቅር። የለመዱት መንገድ ሲጠፋባቸው፣ አንዱን ጥያቄ አሥሬ ሲጠይቁ፣ ገንዘብ መቁጠር ሲያቅታቸው ሐኪም ጋ ይሂዱ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። አልዛይመር ከሆነም ቶሎ ማወቁ ቤተሰብ እንዲዘጋጅ፣ እናትም ፍላጎቷን ራሷ እንድትናገር ጊዜ ይሰጣል። ይህን ለመናገር መስከረም ጥሩ ወር ነው፤ የዓለም የአልዛይመር ቀን ሴፕቴምበር 21 ነው፣ ቀለሙም ሐምራዊ።

የእናትሽን ታሪክ ከማውጣትሽ በፊት ግን ጠይቂያቸው። በጥሩ ሰዓታቸው፣ በቀላል ቋንቋ። መመለስ ካልቻሉ ጤነኛ ሆነው ቢያዩት ይፈቅዱት ነበር ወይ ብለሽ አስቢ። ግራ ገብቷቸው፣ ፀጉራቸው ሳይበጠር የተነሣ ቪዲዮ ብዙ ሰው ያስለቅስ ይሆናል፤ እኔ ግን አላወጣውም። ያሳደጉትን፣ የሠሩትን፣ ያስተማሩትን ተናገሪ።

በሽታው የሚጠራው በጀርመናዊው ሐኪም በአሎይስ አልዛይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ለባልደረቦቹ ያቀረበው ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነበር። አውጉስተ ዴተር ትባላለች። በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። የሐኪሙን ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል፣ የሷን ጥቂት ሰው። ለዚህ ነው ቲሸርትሽ ላይ ከበሽታው ስም በላይ የእናትሽን ስም በትልቁ ጻፊ የምልሽ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ስሮጥ የማላውቃቸው ሰዎች በእናቴ ስም እየጠሩ ሲያበረታቱኝ፣ እግሬ እምቢ ባለበት ኪሎ ሜትር ላይ እንባዬ መጣ።

ጓደኞችሽንም ጥሪ። ማራቶን ባይሮጡም አንዱን ልምምድ አብረውሽ ይራመዱ፣ እያንዳንዷ የእናቷን ስም ጀርባዋ ላይ ጽፋ። በሕይወት ያለችም የሌለችም እናት ትከበር። ነርስ የሆነች ካለች የደም ግፊት ትለካላችሁ። እናቶቻችንን ሐኪም ቤት ስናመላልስ የራሳችንን ምርመራ የምንረሳ ብዙ ነን፤ የማኅፀን በርና የጡት ምርመራ ቀጠሯችሁንም እዚያው ያዙ።

በውድድሩ ቀን እናትሽን ማራቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አታቁሚያቸው። ጩኸቱና ግፊያው ያስደነግጣቸዋል፤ አንቺም ስንት ሰዓት እንደምትደርሺ በእርግጠኝነት አታውቂም። መንገዱ ጭር የሚልበት ቦታ ካለ፣ ከወንድምሽ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጡና አንቺን አይተው ወደ ቤት ይመለሱ። ደህና ካልሆኑ ቤት ይዋሉ። ከውድድሩ በኋላ ላሉት ቀናትም ሰው አዘጋጂ፤ ደረጃ መውረድ በሚያቅትሽ ቀን እናትሽንም ልጅሽንም ማንሳት አትችይም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችሽንና ወንድምሽ የመለሰልሽን ጻፊልን። ወልዳ መሮጥ የምትፈልግ እዚህ ብዙ አለች፣ ለሁላችንም ይጠቅማል።