ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፦ ስለ ቲቢ ለጠየቃችሁኝ

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። «ስለ ቲቢ ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ባልኩት መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ሲስተር፣ ቲቢ አሁንም አለ እንዴ? የድሮ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

አለ ወንድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በብዛት አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ እኛ ነን። ግን ብዙ ተሠርቷል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት እንዲውጥ የሚያደርገው ዶትስ በ1992 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ነው አገር ያዳረሰው። መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም የተለመደው መድኃኒት የማይገድለው ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥተናል። ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስቸግረን ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። «መቼ ጀመረህ?» ስል «ቆየ፣ ብርድ መስሎኝ» ይለኛል። ዝንጅብል አፍልቷል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በልቷል፣ ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዝቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። እሱ እስኪመጣ ድረስ አብረውት የሚያድሩት ሁሉ ያንኑ አየር ሲስቡ ከርመዋል። እንደ አገር ቲቢን መቆጣጠር ማለት ለእኔ ይህን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ታዲያ መቼ ልምጣ? ምርመራው ስንት ያስከፍላል?

ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ና። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ አትጠብቅ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።

አክታ ስትሰጥ ምራቅ አትስጠኝ። ብልቃጡን ይዘህ ውጭ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ቁም። ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ተንፍስና ከደረትህ ሳበው። ወፈር ያለው ነው የሚፈለገው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በሁለት ሰዓት ውስጥ ተህዋሲው መኖሩንም፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱንም ይናገራል።

አንገቴ ላይ ዕጢ ወጥቷል፣ ሳል ግን የለኝም።

አስመርምሪው እህቴ። ቲቢ ከሳንባ ውጭም ይይዛል፣ የአንገት ዕጢ እኛ አገር በብዛት የምናየው ነው። አይተላለፍም፣ ግን መታከም አለበት።

ታክሲ ውስጥ ይይዘኛል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ለረጅም ሰዓት አብረን በምንውልበትና በምናድርበት ቤት ነው። ቢሆንም ከፒያሳ መገናኛ ሙሉ ሰው ጭኖ መስኮቱን የዘጋ ሚኒባስ ሳይ ልቤ ይከፋል። አንዱ ሲከፍት ሌላው «ነፋስ ይመታኛል፣ ዝጋው!» ይላል። እባካችሁ ክፈቱት። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ንጹህ አየር ሲገባ ተህዋሲው ይበተናል፣ የፀሐይ ብርሃንም ይገድለዋል።

ባለቤቴ ታማለች። እናቴ ሳህኗን ለየችባት፣ ጉርሻም ከለከለቻት።

ይህን ሳነብ አዘንኩ። ቲቢ በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በጉርሻ አይተላለፍም። መድኃኒቱ የሚሠራላት ከሆነ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላት የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ይወርዳል። እስከዚያ ስትስል አፏን ትሸፍን፣ መስኮት ይከፈት። እናትህን እኔ ጋ አምጣቸው፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። አንተም ልጆቹም ተመርመሩ። ያልታመመ ሰው እንዳይታመም የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ አንዱ ዓይነት በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር የሚዋጥ ነው። ልጆች ሲወለዱ የሚከተቡት ቢሲጂ ከከባዱ የሕፃናት ቲቢ ይጠብቃል እንጂ ዕድሜ ልክ ዋስትና አይሆንም።

ሁለት ወር ወሰድኩ፣ ወፈርኩ፣ ሳሉም ጠፋ። ላቁም?

አይሆንም! አደገኛው ጊዜ ይሄ ነው። በመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት ነው፣ ቀጥሎ ለአራት ወር ሁለት ዓይነት። መጀመሪያ የሚሞተው ቶሎ ቶሎ የሚራባው ተህዋሲ ነው። የተኛው ይቀራል። ካቆምክ እሱ ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። የተላመደውን ለማከም ድሮ መርፌ ጨምሮ ሃያ ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። አሁን ለብዙዎቹ ስድስት ወር በሚዋጥ ብቻ ይቻላል፤ ግን ማን ይመኘዋል?

አንዲት እናት ሰፈራቸው ሲነሳ ሦስተኛ ወራቸው ላይ ነበሩ። አዲሱ ቤት ሩቅ ሆነ፣ የታክሲ ሳንቲም ጠፋ። ቀሩብን። ስልክ ደውዬ ሳገኛቸው «ልጄ፣ ያሳፍራል ብዬ ነው» አሉኝ። ምንም አያሳፍርም። የዝውውር ወረቀት ጽፈን አጠገባቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ላክናቸው፣ ጨረሱም። ቤት የምትቀይሩ ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩን።

ሽንቴ ቀላ፣ ደም ነው?

ሪፋምፒሲኑ ነው፣ አትደንግጪ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ነይ። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከሆነ የምትወስጂው መድኃኒቱ ያዳክመዋል፣ ሌላ እንመርጥልሻለን። አልኮል ተዪ።

እንጦጦ ጸበል ልገባ ነው። መድኃኒቱን ላቋርጥ?

ይዘሽው ግቢ እንጂ አታቋርጪ። ስንት ቀን እንደምትቆዪ ንገሪኝና የዚያን ያህል ቆጥሬ እሰጥሻለሁ። በጸበሉ ዋጪው፤ ብዙዎች እንደዚያ አድርገው ጨርሰው መጥተዋል።