ጭነቱን ፈልጉ፦ እንግሊዝኛ ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያና በአካባቢው ባሉ ፍርድ ቤቶችና ሆስፒታሎች በአማርኛ አስተርጓሚነት ስሠራ 26 ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጎን አንድ የአማርኛ ፍች ጽፋችሁ ቃሉን እንዳወቃችሁት ስትቆጥሩ ስለማይ ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚሁ ነበር፤ ያ ልማድ ግን አንዲት ታማሚ እናትን ለጭንቀት ዳርጓል፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በዕድሜ ለገፉ አንዲት እናት እንዳስተረጉም ወደ ሆስፒታል ተጠራሁ። ሐኪሙ ከክፍሉ ሊወጣ ሲል «ቻርጅ ነርሷ» መጥታ እንደምታነጋግራቸው ተናገረ። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው «ቻርጅ» ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ የስልክ፣ ሌላው በሆቴል ደረሰኝ ላይ «ሰርቪስ ቻርጅ» ተብሎ የሚጻፈው ክፍያ። ስለዚህ ያለ ማመንታት «ሒሳብ የምታስከፍለው ነርስ ትመጣለች» ብዬ ተረጎምኩ። እናቲቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ነርሷ ገብታ የሚያማቸውን ስትጠይቃቸውም «ተሽሎኛል፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ከማለት በቀር አልመለሱላትም። «ቻርጅ ነርስ» ማለት የተረኞቹን ነርሶች ሥራ የምትመራ የፈረቃ ኃላፊ መሆኗን የተረዳሁት፣ ሴትዮዋ ራሷን ስታስተዋውቅ ነው። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ወዲያው ለሁለቱም ነገርኳቸው። እናቲቱም «ልጆቼ ላይ ዕዳ የምጭን መስሎኝ እኮ ነው» አሉና ሌሊቱን ሙሉ ደረታቸውን ሲወጋቸው ማደሩን ያን ጊዜ ተናገሩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት ስገልጥ ያገኘሁት ይህንኑ የእሳቸውን «መጫን» ነበር። «ቻርጅ» መነሻው «ካሩስ» የሚባል፣ ጋሪ ማለት የሆነ የላቲን ቃል ነው፤ ከዚያ በጋሪ ላይ መጫን የሚል ግሥ ወጣ፣ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩልም እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። መኪና የሚባልበት «ካር»ም ሆነ ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት «ካርጎ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህን ካወቅሁ በኋላ በቃል ለመያዝ ሲያታክቱኝ የነበሩት ፍቾች በአንድ መስመር ተሰለፉልኝ። ዋጋ ሲጫን ክፍያ ነው፤ ጥፋት በሰው ላይ ሲጫን ክስ ነው፤ አደራ ሲጫን ኃላፊነት ነው። ባሩድና እርሳስ ወደ ጠመንጃ አፍ ሲጫን፣ እኛ ማጉረስ የምንለው፣ እሱም «ቻርጅ» ይባል ነበር፤ የኤሌክትሪኩም ስያሜ ከዚሁ አልራቀም። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው ዲፕሎማት፣ በእኛ ጉዳይ ፈጻሚ የምንለው፣ በፈረንሳይኛ «ሻርዤ ዳፌር» ሲባል ጉዳይ የተጫነበት ማለት ነው። አማርኛችንም ቢሆን ከዚህ የተለየ መንገድ አልሄደም፤ በቅሎ ጫንን፣ ሥራ ጫኑብኝ፣ በስልኬ ላይ ፕሮግራም ጫንኩ ስንል አንዱን ግሥ እያሰፋን ነው፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ግን እነዚህን ለየብቻ አላጠናቸውም።

ሆኖም ሥሩን ማወቅ ብቻውን አያደርስም፤ ከቃሉ ጎን የቆመውን ቃል መመልከት ያስፈልጋል። «ፎር» ከተከተለው ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ ነው። «ኢን» ከቀደመው ኃላፊነትን ያሳያል። «ዊዝ» ሲከተለው ግን ክስም አደራም ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወንጀል ይሁን ተግባር እስክትሰሙ ድረስ መታገሥ አለባችሁ። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ወጣት «ቻርጅድ ዊዝ ባተሪ» መሆኑን ሲናገር ሰማሁ። በአማርኛ ባትሪ ሲባል የምናስበው የእጅ መብራቱን ወይም የመኪናውን ነው። ቃሉ ግን የተወለደው መምታት ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ ግንብ የሚደበድቡ የመድፎች ረድፍ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ብርጭቆዎችን በረድፍ አገናኝቶ የመድፎቹን ስም ሰጣቸው። በሕግ ቋንቋ ቃሉ ከመጀመሪያው ትርጉሙ አልወጣም።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። «በድብደባ ተከሰሃል» ብዬ ብተረጉም ማንም አይነቅፈኝም ነበር። ነገር ግን በቨርጂኒያ ሕግ በቁጣ ወይም በንቀት ተነሥቶ ሰውን መግፋት ወይም መንካት፣ ጉዳት ባያደርስ እንኳ፣ በዚሁ ቃል ሊያስከስስ ይችላል፤ በእኛ አማርኛ ግን ድብደባ ሲባል በትር፣ ጡጫና ደም ይታየናል። ወጣቱ «እኔ ማንንም አልደበደብኩም» ቢል ከልቡ ነው፣ በሕጉ ዓይን ግን ለቀረበበት ክስ ገና መልስ አልሰጠም። ትክክለኛው ፍች ሲገኝ እንኳ የሁለቱ ቃላት ስፋት እኩል ላይሆን ይችላል።

በዚያን ቀን ያደረግሁትን እናንተም ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ተነሥቼ በሙያችን ደንብ መሠረት ስለ ራሴ እንደ ሦስተኛ ሰው እየተናገርኩ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» አልኩ፤ ዳኛውም ቃሉ በሕጉ ምን ምን እንደሚያካትት በቀላል አነጋገር አስረዱ፣ እኔም ያንኑ ለወጣቱ አደረስኩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠየቅ አለማወቄን የሚያጋልጥብኝ ስለሚመስለኝ እየገመትኩ አልፍ ነበር። የዚያን ግምት ዋጋ የከፈሉት ግን እኔ ሳልሆን እነዚያ እናት ናቸው።

ለመለማመጃ «ዲስቻርጅ» የሚለውን ቃል ልተውላችሁ። ከሆስፒታል ለሚወጣ በሽተኛ፣ ከሠራዊት ለሚሰናበት ወታደር፣ ከቁስል ለሚወርድ ፈሳሽ፣ ከዕዳው ነጻ ለሚባል ሰውና ኃይሉ ለሚያልቅ ባትሪ ሁሉ ይነገራል። አምስቱን በአምስት መስመር ከመጻፋችሁ በፊት፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚራገፈው ጭነት ምን እንደሆነና ከማን ላይ እንደሚወርድ በራሳችሁ አማርኛ ጻፉት።