ሞምባሳ ወይስ አርባ ምንጭ? መጀመሪያ ሌሊቱን ቁጠሩ

እህቴ፣ «ባለቤቴ ሞምባሳ ይላል፣ እኔ አርባ ምንጭ፤ ሁለት ልጆች ይዘን በገና ሰሞን ለአንድ ሳምንት የቱ ይሻላል?» ላልሽው መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

1. ከትኬቱ ዋጋ በፊት ሌሊት ቁጠሩ። በናይሮቢ ዞራችሁ በባቡር ከሆነ አንድ ቀን ለበረራና ለአዳር፣ አንድ ቀን ለባቡሩ ይሄዳል። ሐዲዱ ላይ ብቻ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ጣቢያው በር ላይ ሻንጣው ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ በውሻ ይፈተሻል። መልሱም እንደዚያው። ከ7 ቀን 4ቱ መንገድ በላው ማለት ነው። የባቡሩ ትኬት ርካሽ ነው ብላችሁ አትታለሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ሞምባሳ ይበራል፤ እሱ ከተወደደባችሁ ጉዞውን ተዉት። ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለው ባሕር ዳርቻ፣ ዲያኒ፣ የምታርፉ ከሆነ ሾፌሩን በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ሂድ በሉት፤ የሊኮኒን ጀልባ ወረፋ ያስቀርላችኋል።

2. ወረቀት። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። የሚያስቸግረው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ ነው፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በረራው 3 ቀን ሲቀረው የተወጋ ሰው ካርዱ በእጁ እያለ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ክትባቱ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነውና ዛሬውኑ ተከተቡ፣ ልጆቹንም ጭምር። የሁሉም ፓስፖርት ቢያንስ 6 ወር ይቅረው፤ የራሱን አይቶ የልጁን የሚረሳ ብዙ ነው። ባልሽ ሥራ ይዞት አንቺ ከልጆቹ ጋር ቀድመሽ የምትወጪ ከሆነ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የአባት ፈቃድ ያዢ። እዚያ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ያለው ሰው «ይኼ አይበቃም» ብሎ ፊቱን ካዞረ ምን እንደጎደለ ሳታስጽፊ አትነሺ። አለበለዚያ ነገም ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት ይጠይቅሻል።

ፌስታል ደግሞ እንዳትይዙ። ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ቆሎውንና በሶውን በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ አድርጊው። ዶላር ከባንክ ስትገዢ (ፓስፖርትና ትኬት ያያሉ) አዲሱን ኖት ጠይቂ፤ ናይሮቢ አሮጌና ዝርዝር ዶላር በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚመነዘረው።

3. አርባ ምንጭ ስትይ ግን «አገር ውስጥ ስለሆነ ቀላል ነው» ብለሽ አልጋ ሳትይዢ አትሂጂ። ለገናና ለጥምቀት አልጋ ቀድሞ ያልቃል። ስትደውዪ ደግሞ «ዋጋው ቫቱንና ሰርቪሱን ጨምሮ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ይህን ያልጠየቀ ሰው ሲወጣ ሂሳቡ ከሩብ በላይ ጨምሮ ይጠብቀዋል። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ይልቅ ላይኛው ሸቻ እረፉ፤ ሲቀላ ይሞቃል፣ ከሸቻ አፋፍ ግን አባያና ጫሞ ሐይቆች ሁለቱም ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፤ ወባው እዚያም ሞምባሳም አለ።

ወደ አዞ ገበያ (ጫሞ ዳር አዞዎች የሚሰበሰቡበት፣ በጀልባ የሚኬድበት ቦታ ነው) በጠዋት ሂዱ። አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ላይ የሚጋደሙት በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ጫሞ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ጀልባዋ ስትናጥ ልጆች ያለቅሳሉ፣ የሕይወት ጃኬቱም በልካቸው ላይሆን ይችላል። ጃኬቱን አልብሰሽ፣ ቀበቶውን ስበሽ ሳታዪ አትሳፈሩ። የጀልባው ኪራይ በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋሩት።

ለሞምባሳ የምሰጠው ነጥብ አንድ ነው፤ እዚያ ማንም አያገኝሽም። አዲስ አበባ ቤትሽ ከቆየሽ «ዕረፍት ላይ ናት» ተብሎ ለቅሶው፣ ማኅበሩ፣ የዘመድ ጉዳይ ሁሉ ወዳንቺ ይመጣል፤ ያ ዕረፍት አይባልም። አርባ ምንጭም ሆነሽ ስልኩን ካልዘጋሽ ያው ነው።

እንደኔ ከሆነ በዚህ ገና አርባ ምንጭ ሂዱ፣ 5 ሌሊት ይበቃል። ሞምባሳን ለጥር አጋማሽ አቆዩት፤ ያኔ የኬንያውያን የገና ግርግር አልፎ፣ ትምህርት ቤታቸው ተከፍቶ ሆቴሎቹ ይቀዘቅዛሉ። የልጆቹን ትምህርት ቤት ግን አስፈቅጂ። ተራራው ላይ ወዳለው ዶርዜም ትወጣላችሁ ብዬ ስለማስብ (ቆጮ በማርና በዳጣ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ) ለልጆቹ ወፍራም ሹራብ ያዢ፤ ከታች ላብ፣ ከላይ ብርድ ነው።