ጦርነቱን የተቃወሙት ፌደራሊስቶች ከሃዲዎች ነበሩን?

ጥያቄ፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1812 ከብሪታንያ ጋር ጦርነት ስትገጥም ፌደራሊስቶች የተባሉት የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች ተቃውመው እንደነበር አነበብኩ። አገራቸውን ከድተዋል ማለት ይቻላል? ፓርቲያቸውስ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከድተዋል የሚለውን ፍርድ እኔ አልቀበለውም። ፕሬዚዳንት ማዲሰን የጦርነቱን አዋጅ የፈረሙት የተወካዮች ምክር ቤት 79 ለ49፣ ሴኔቱ ደግሞ 19 ለ13 ተከፍለው ከወሰኑ በኋላ ነው። ከፌደራሊስቶች አንድም ድጋፍ አልተገኘም። ፌደራሊስቶች በሚበረቱበት በኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም በሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል፣ የሰው እንጀራው ከባሕር ንግድ ነበርና ተቃውሞው የሚጠበቅ ነው። በጉባኤ ተከራክሮ በድምፅ መሸነፍ ክህደት አይባልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ በባልቲሞር የተፈጸመው ግፍ ነው። ፌደራሊስቱ አሌክሳንደር ሃንሰን በጋዜጣው ጦርነቱን ነቀፈ፤ አዋጁ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁከተኞች ማተሚያ ቤቱን አፈረሱት። በሐምሌ ወር ጋዜጣውን ይዞ ወደ ከተማዋ ሲመለስ፣ ከወዳጆቹ ጋር ያለበት ቤት ተከበበ። ከውስጥም ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። ባለሥልጣናቱ እንጠብቃችኋለን ብለው ወደ እስር ቤት ወሰዷቸው፤ ሁከተኞቹ ግን በማግስቱ ሌሊት በሩን ሰብረው ገቡ። በነፃነቱ ጦርነት የተዋጋው ጄኔራል ጄምስ ሊንገን ተደብድቦ ሞተ። በዚያው ጦርነት የጆርጅ ዋሽንግተን የፈረሰኛ አዛዥ የነበረው ሄንሪ ሊ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1818 ድረስ፣ አላገገመም። አገሪቱን በደማቸው ያቆሙ ሰዎች በገዛ ወገናቸው እጅ እንዲህ ሆኑ! የሜሪላንድ መራጮች በዚያው ዓመት ሃንሰንን ለምክር ቤት መምረጣቸው ተገቢ መልስ ነበር እላለሁ።

ይህ ማለት ግን ፌደራሊስቶቹ አልተሳሳቱም ማለት አይደለም። የማሳቹሴትስ ገዥ ኬሌብ ስትሮንግ የግዛታቸውን ሚሊሻ ለፌደራል መንግሥት አልሰጥም አሉ። መቃወም አንድ ነገር ነው፤ ወታደር መከልከል ግን ሌላ ነው፤ ለዚህ እኔ ማስተባበያ የለኝም።

ፓርቲውን የቀበረው ግን የኒው ኢንግላንድ ፌደራሊስቶች በሃርትፎርድ ከተማ ያደረጉት ጉባኤ ነው። ከታኅሣሥ 1814 እስከ ጥር 1815 ሃያ ስድስት ልዑካን በሩን ዘግተው መከሩ። የመጨረሻው ሰነዳቸው መገንጠልን አልጠየቀም፤ የጠየቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ለምሳሌ ጦርነት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ እንዲታወጅ። ሆኖም መልእክተኞቻቸው ዋሽንግተን ሲደርሱ አሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ብሪታንያን ድል የመንሣቷና ጦርነቱን የቋጨው የጌንት የሰላም ውል ወሬ ቀድሟቸው ነበር። ምስጢራዊነቱ ያስነሣው ጥርጣሬ ላይ ይህ ሲጨመር፣ ማንም ሊሰማቸው አልፈለገም። በ1816 ምርጫ እጩአቸው ሩፈስ ኪንግ 34 የኤሌክተሮች (ግዛቶች ፕሬዚዳንት እንዲመርጡላቸው የሚወክሏቸው መራጮች) ድምፅ ሲያገኝ ጄምስ ሞንሮ 183 አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ለፕሬዚዳንትነት እጩ አላቀረቡም።