የቅጥቅጥ አይሱዙ መሪ ባዶ ሲዞር፣ ሳጥኑን ከመንካትህ በፊት

ወንድምዓለም፣ ለጠየቅከው ልመልስ። ጎንደር–ደባርቅ የምታሠራው ኤንፒአር ቅጥቅጥ መሪው ሦስት ጣት ያህል ባዶ ይዞራል፣ ጉድጓድ ሲረግጥ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ፍሬን ስትይዝ ወደ ግራ ይጎትታል። ጋራዡ ደግሞ «የመሪ ሳጥኑ አልቋል፣ ወይ ቀይረው ወይ እናጥብቀው» ብሎሃል። እንደኔ ከሆነ ሳጥኑን (የመሪውን ዙር ቀንሶ ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን) ገና አትግዛ፤ ከላዩ ያለችውን ማስተካከያ ብሎንም ማንም አይንካት። መጀመሪያ ባዶ ዙሩ የት እንደተደበቀ ፈልግ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሳጥኑ በታች፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንጎችን የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) እና ፔርኖ (የፊት ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት ቋሚ ፒን) ላይ ነው።

ሦስት ጣት ሲባል ትልቅ ነገር የተበላሸ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ሦስት ጣት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። መሪው ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ቢሆን፣ 5 ሴንቲ ማለት 13 ዲግሪ ገደማ ዙር ነው። ሳጥኑ 20 ለ 1 የሚቀንስ ከሆነ ከሥሩ ያለው፣ ዘንጎቹን የሚገፋው ፒትማን ክንድ የሚንቀሳቀሰው ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ክንዱ 20 ሴንቲ ርዝመት ቢኖረው ጫፉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። አንዷ ቴስቲና 1 ሚሊ፣ ሌላዋም 1 ሚሊ ከተበላች ሦስት ጣትህ ሞላ፤ ሳጥኑ ምንም ሳይሆን።

ፍተሻው ሁለት ሰው ይፈልጋል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በራሱ ጎማ ይቁም፤ ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ የኋላ ጎማዎቹ ታኮ የተደረገላቸው፣ የፊቶቹ ቀጥ ያሉ ይሁኑ። በክሪክ አንሥተህ ከጀመርክ ጭነቱ ስለሚለቃት ያለቀችው ቴስቲና ደህና መስላ ታልፍሃለች። መሪው ሃይድሮሊክ ከሆነ ሞተሩ ይነሣ፤ ሞተር ጠፍቶ ከሚሰማው ባዶ ዙር ከፊሉ የሳጥኑ ቫልቭ የራሱ ስለሆነ ያታልላል። ረዳትህ መሪውን በእርጋታ አንድ ስንዝር ያህል ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፤ ጎማው እስኪዞር ድረስ አይደለም። አንተ ከሥር ሆነህ ከላይ ወደ ታች ውረድ፦ የመሪው ዘንግ ክሮቼራ (መታጠፊያ መገጣጠሚያው)፣ ሳጥኑን ከሻሲው ጋር የሚይዙት ብሎኖች፣ ፒትማን ክንዱ፣ የድራግ ሊንኩ (ፒትማን ክንዱን ከጎማው ክንድ የሚያገናኘው ዘንግ) ሁለት ጫፎች፣ በመጨረሻ የታይሮዱ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ) ሁለት ጫፎች።

መዳፍህ ግማሹ ዘንጉ ላይ፣ ግማሹ ክንዱ ላይ ይረፍ። ደህና ቴስቲና ሁለቱን አንድ ላይ ታንቀሳቅሳለች። ያለቀችው ግን አንዱ ተነሥቶ ሌላው ዘግይቶ ሲከተለው ጠቅ ትላለች፤ ጆሮህ ባይሰማውም መዳፍህ ይሰማዋል። ጣትህን ግን በዘንጉና በአክስሉ መሀል አታስገባ። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ እየዞረ ፒትማን ክንዱ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው። ሳጥኑ በተቀመጠበት ሻሲ ላይ የዝገት መስመር ወይም የተላጠ ቀለም ካየህ ብሎኖቹ ላልተዋል ማለት ነው፤ ሻሲው ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆንም ስለሚችል በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ እይ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፋ፣ የፊት አክስሉን በክሪክ አንሣ፣ ቋሚ ድጋፍ አስገባበት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ። የሚነቃነቅ ከሆነ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ፤ ፍሬን ተይዞ ንቅናቄው ከጠፋ የሞሶው (የጎማው መሀል) ኩሽኔታ ነው፣ ከቀጠለ ፔርኖው ነው። ብዙ ሰው ይህችን ሳያደርግ ኩሽኔታ ገዝቶ ይመለሳል። ግራና ቀኝ ይዘህ ስትነቀንቅ የሚሰማህ ደግሞ የታይሮዱ ቴስቲናዎች ናቸው።

የሳጥኗን ብሎን ለምን አትንካ እንደምል ላስረዳ። የሳጥኑ ጥርስ ከሁሉም በላይ የሚበላው መሀሉ ላይ ነው፤ መኪናው ሕይወቱን የሚያሳልፈው ቀጥ ብሎ ነውና። መሀል ላይ ያለው ክፍተት እስኪጠፋ ብሎኗን ካጠበቅክ፣ ወደ ዳር ያለው ያልተበላ ጥርስ ሲመጣ ይነክሳል። መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ከሦስት ጣት ባዶ ዙር ይልቅ ይህ ነው የሚያስፈራው።

አሁን ወደ ሥራው። የታይሮዱን ሁለቱንም ቴስቲና አብረህ ቀይር፤ አንዷን ቀይሮ ሌላዋን መተው ሥራውን በጥቂት ወር ውስጥ ደግሞ መክፈት ነው። ከመፍታትህ በፊት ከአንዱ ቴስቲና ኳስ መሀል እስከ ሌላው መሀል ያለውን ርቀት በሜትር ለካና ጻፍ። የእያንዳንዷን ክላምፕ (ቴስቲናዋን ዘንጉ ላይ የሚያጠብቀው ማሰሪያ) አቀማመጥም በጠመኔ ምልክት አድርግ። ኮፒሊያውን (የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ) አውጣ፣ ዳዶውን ጥቂት ጥርስ እስኪቀር ፍታው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታውጣው፤ ሾጣጣው ሲለቅ ዘንጉ ፊትህ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዝልህ እሱ ነው። የቴስቲናውን ጥርስ በመዶሻ አትምታ። ፑለር (መንቀያ መሣሪያ) ከሌለህ የክንዱን ዓይን ከአንድ ጎን በከባድ መዶሻ ደግፈህ ከሌላው ጎን በሌላ መዶሻ ምታው፤ ሾጣጣው በንዝረቱ ይለቃል።

ከዘንጉ ስትፈታት አንደኛዋ የግራ ጥርስ (ወደ ቀኝ ስትዞር የምትፈታ) እንደሆነች አስታውስ። በተለመደው አቅጣጫ እየታገሉ «ዝጎ ነው» ብለው በእሳት የሚያሞቁት አብዛኛውን ጊዜ እሷን ነው። ስንት ዙር ዞራ እንደወጣች ቁጠር፣ አዲሷን በዚያው ቁጥር አስገባ። ጥርሱ ከሁለቱም ጎን እኩል መግባት አለበት፤ ከዘንጉ ስንጥቅ አልፎ ያልገባ ጥርስ በክላምፕ አይያዝም። ሾጣጣውንና ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ግሪስ አትቀባው፤ የሚይዘው በደረቅ ብረት ለብረት ሲጣበቅ ነው። ዳዶውን ማኑዋሉ በሚለው መጠን አጥብቀህ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ ወደኋላ አትመልስ። ኮፒሊያው ምንጊዜም አዲስ ይሁን፤ ሚስማርና የአጥር ሽቦ ኮፒሊያ አይደለም። በመጨረሻ መሪውን እስከ ዳር ወዲያና ወዲህ አዙረህ የክላምፑ ብሎን አክስሉን ወይም ባሌስትራውን እንደማይነካ በዓይንህ እይ።

«አሮጌዋ ትታደሳለች» ብለው የቴስቲናውን ቆብ ከፍተው፣ ላስቲክ ወይም ዋሸር ጨምረው በብየዳ የሚዘጉ አሉ። አትቀበል። የብየዳው ሙቀት ኳሱን ያለሰልሰዋል፣ ውስጡ ያለውን መቀመጫ ያቃጥለዋል፤ ለጥቂት ሳምንት ጥብቅ ትሆንና ከዚያ በአንዴ ትነቀላለች። ብዙው የመኪና ክፍል ሲበላሽ መንገድ ላይ ያቆምሃል፤ ቴስቲና ስትነቀል ግን ጎማው ወደፈለገው ይሄዳል።

ፔርኖው ከሆነ ኪቱን ሙሉውን ግዛ፦ 2 ፔርኖ፣ 4 ቡሽ፣ ከሥር ጭነት የሚሸከሙት 2 ኩሽኔታዎች፣ ሺሞች (ክፍተት የሚሞሉ ቀጫጭን ዋሸሮች) እና መቆለፊያ ፒኖች። ሁለት ነገር ላይ ይሳሳታሉ። አንደኛው የቡሹን የግሪስ ቀዳዳ ከኒፕሉ (የግሪስ ማስገቢያው) ቀዳዳ ጋር ሳያገጥሙ መምታት ነው፤ ያኔ ምንም ያህል ግሪስ ብታስገባ ፔርኖው ዘንድ አይደርስም። ሁለተኛው ቡሹ ተመትቶ ከገባ በኋላ ሳይመዘን መተው ነው፤ ሲገባ ስለሚጠብ ቶርኖ ቤት ወስደህ ላዩንና ታቹን በአንድ መስመር በረጅም ሪመር (ቀዳዳ ማስፊያ) ማስከፈት አለብህ። ልኩ ፔርኖው በእጅ ግፊት የሚገባበት፣ በራሱ ክብደት ግን የማይወድቅበት ነው። የከላይና የታች ክፍተቱን በሺም አጥብብ፣ በፊለር (የክፍተት መለኪያ ቅጠል) ለካ፣ የጎማው ክንድም በእጅ ሲገፋ ሳይነክስ መዞሩን እይ።

ፍሬን ስትይዝ ወደ ግራ መጎተቱ ግን በቴስቲና ብቻ ላይድን ይችላል፣ ይህን አውቀህ ተነሣ። የቀኙ ፍሬን ሸራ ዘይት ወይም ግሪስ ጠጥቶ እንደሆነ ከፍተህ እይ። ከዚያም የፊትና የኋላ ጎማ መሀል ለመሀል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለካ። ልዩነት ካለ የባሌስትራው መሀል ብሎን ተቆርጦ ወይም ዩ ቦልቶቹ (አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት) ላልተው አክስሉ ተንሸራቷል። ጉድጓድ ላይ ወደ ጎን መሸሹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስጠይቀኛል፦ ለጭነት ብለህ ባሌስትራ አስጨምረሃል? ሻሲው ከፍ ሲል ድራግ ሊንኩ አግድም መሆኑ ቀርቶ ያዘነብላል፤ አክስሉ ሲነሣና ሲወድቅ ዘንጉ ጎማውን ይጎትተዋል፣ አንተ መሪውን ሳትነካ።

ቴስቲና ከተቀየረ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግድ ነው። ማሽን እስክታገኝ ለጊዜው እንዲህ አድርግ፦ ጎማውን አንሥተህ እያዞርክ መሀሉ ላይ በጠመኔና በሚስማር ቀጭን መስመር አስምር፣ አውርደህ መኪናውን ጥቂት ወደፊት ግፋ፣ ከዚያ የሁለቱን መስመር ርቀት በሞሶው ከፍታ ከፊትም ከኋላም ለካ። የፊቱ ከኋላው ጋር እኩል ወይም እስከ 3 ሚሊ የሚያንስ ይሁን፤ የማኑዋልህ ቁጥር ካለህ እሱ ይቅደም። ሙከራውን በአዘዞ ሜዳ በ30 እና በ40 ፍጥነት አድርግ እንጂ ተሳፋሪ ጭነህ በቀጥታ ደባርቅ አትውጣ።

ግሪሱን በተመለከተ ክረምት ላይ ወደ ኮላድባ የምትወርድ ከሆነ የደንቢያ ጥቁር ጭቃ የቴስቲናውን ጎማ ቆብ ይቀድና ውስጡ ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈጫል። መኪናው በታጠበ ቁጥር አሮጌው ወጥቶ ንጹሕ ግሪስ እስኪታይ ድረስ በግሪስ መምቻው ምታ፤ ቆቡ እስኪፈነዳ ግን አይደለም። ፔርኖውን ግሪስ ስትመታ ጎማው ከመሬት ይነሣ፤ ጭነቱ ላዩ ላይ ካለ ግሪሱ ወደ ታችኛው ኩሽኔታ አይገባም። አልገባ ያለ ኒፕል ካለ ፍታውና ቀዳዳውን በሽቦ ጥረግ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የክላምፖቹን፣ የሳጥኑንና የዩ ቦልቶቹን ዳዶ ደግመህ አጥብቅ። የተገኘውን ልኬት እዚህ ጻፍልን፣ በተለይ የግራና የቀኙን የጎማ ርቀት።