መልስ፦ የጠጠር መንገዳችን ጥገና ጥያቄ ለማን ይቅረብ?

ክረምት በመጣ ቁጥር ለሚቆረጠው መንገዳችሁ ማመልከቻ ለመንገድ ፈንድ አታስገቡ። ፈንዱ ግሬደር አይልክም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ በዋናነት ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰበውን ገንዘብ መንገድ ለሚጠግኑ መሥሪያ ቤቶች ማከፋፈል ነው።

1. መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ ወረዳችሁን ጠይቁ፤ የፌደራል፣ የክልል ወይስ የከተማ አስተዳደር? ደብዳቤው የሚገባው ለባለቤቱ ነው።

2. የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅዱ ከዚያ ወራት ቀድሞ ይሠራል። ጥር አካባቢ አስገቡና በመዝገብ ቤት ቁጥር አስይዙ። ሰኔ ላይ፣ ጎርፉ ከወሰደው በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ «አስፋልት ይሁንልን» ብላችሁ አትጻፉ። የፈንዱ ገንዘብ ለጥገና እንጂ ለአዲስ ግንባታ አይደለም። እኛ እንደዚያ ጽፈን ዓመት ሙሉ ተንከራተትን። ኋላ ስናየው ችግሩ ከድልድዩ ወዲህ ያለች አንዲት ቱቦ ናት፤ ደለል ሞልቷት ውሃው በመንገዱ ላይ ይሄዳል። «ቱቦው ይጠረግ፣ ቦዩ ይከፈት» ብለን ከነፎቶው ስናስገባ በቀጣዩ ዓመት መደበኛ ጥገና ውስጥ ገባ።