መልስ፦ ግራንበሪ መሄድ ያዋጣል ወይ?

ሰላም እህቴ። «ዳላስ ዘመድ ጥየቃ ልመጣ ነው፤ ግራንበሪ የሚባለው ትንሽ ከተማ ያዋጣል ወይ? ፍርድ ቤቱስ ለምን መሃል አደባባይ ላይ ተሠራ?» ብለሽ ነበር። ያዋጣል፣ ሂጂ! በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ፍርድ ቤቱ መሃል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማው የሁድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክልል) መቀመጫ ነው። ድሮ ገበሬው ግብር ለመክፈል፣ መሬት ለማስመዝገብ ወይም ለክርክር እዚህ ፍርድ ቤት መምጣት ነበረበት። መጥቶ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ጨውም ምስማሩም ይገዛል። ስለዚህ ነጋዴው ሱቁን በአራቱም አቅጣጫ ፊቱን ወደ ፍርድ ቤቱ አዙሮ ሠራ። በቴክሳስ ብዙ የካውንቲ ከተሞች እንዲህ ናቸው።

ሕንጻው በ1891 ተጠናቀቀ። ግድግዳው የኖራ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ የሰዓት ማማ አለው። ቀረብ ብለሽ ድንጋዩን እዪው፣ የጠራቢዎቹ ልፋት ያስደንቃል። ወደ ማታ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅማ ይሆናል፤ ፎቶ ያኔ አንሺ።

ከደቡብ በኩል በ1886 የተሠራው ኦፔራ ቤት አለ። ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ1975 ታድሶ ተከፈተ። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው፦ አሮጌ ነው ብለው አላፈረሱትም። አደባባዩም በ1974 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል።

ልጆች ካሉ ብራዞስ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረው ሐይቅ ቅርብ ነው። ጫማሽ ግን ምቹ ይሁን፤ መኪናሽን አቁመሽ በእግር ነው የሚታየው።